ባለቤቴ በፖሊስ ጣቢያ ተደብድቧል፤ መንግሥትን መክሰስ እንችላለን?

ጥያቄ፦ «የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ባለቤቴ በአንድ የግል ድርጅት ንብረት ክፍል ይሠራ ነበር። ከመጋዘን የመዳብ ሽቦ ጠፋ ተብሎ ሐሙስ ማታ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ተያዘ። ፍርድ ቤት የቀረበው ማክሰኞ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሌሊት ሌሊት እያወጡ ውስጥ እግሩንና እጁን ደብድበውታል። ከእሑድ በኋላ ግን አልነኩትም። ፍርድ ቤቱ ለፖሊስ 10 ቀን ፈቀደ፤ ከዚያ በብዙ ድካም በመታወቂያ ዋስ ወጣ። ሲወጣ የሆነ ወረቀት አስፈርመውታል። እስካሁን ክስ አልመጣም። ሥራውን ግን አጣ። የግራ እጁ ትንሿ ጣት እስከ ዛሬ አትታጠፍም። ስልኩንም አልመለሱለትም። ያኔ ሁዳዴ ነበር። ትልቁ ልጃችን 10ኛ ክፍል ነበር፤ በአባቱ ጉዳይ ትምህርቱን ሊያቋርጥ ሲል በግድ ነው የመለስነው። እግዚአብሔር ይመስገን ዘንድሮ የ12ኛን ፈተና ተፈትኗል። እኛ ዝም አላልንም። ጣቢያ ኃላፊው ጋ፣ ፖሊስ መምሪያ፣ ፖሊስ ኮሚሽን፣ ሰብአዊ መብት፣ ያልረገጥነው ቢሮ የለም። ሁሉም እናጣራለን ነው የሚሉት። አሁን መንግሥትን መክሰስ እንችላለን? ስንት ካሳስ እናገኛለን?»

መልስ፦ እኅቴ፣ የደረሰባችሁ ከባድ ነው፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። መክሰስ ይቻላል። የካሳውን ነገር ቆይተን እንመጣበታለን። አሁን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው።

ደብዳቤዎ ሐሙስን ያውቃል፣ እሑድን ያውቃል፣ ማክሰኞን ያውቃል። ዓመቱን ግን የትም አልጻፉም። ደጋግሜ አነበብኩት፤ የለም። ያገኘሁት ልጅዎ ላይ ነው። አባቱ ሲታሰር ሁዳዴ ነበር፣ ልጁም 10ኛ ክፍል። አሁን 12ኛን ተፈትኗል። ክፍል ካልደገመ በቀር ከዚያ ወዲህ ሁለት ሁዳዴ አልፏል። ሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት ማለት ነው። እነዚያ «ጥቂት ወራት» ናቸው እንቅልፍ የሚነሱኝ። ለምን እንደሆነ እነግርዎታለሁ።

በቅድሚያ ሕጉን በአጭሩ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። የማይቆጠረው ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚፈጀው ተገቢ የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው። «መሐል ላይ ቅዳሜና እሑድ ነበር» የሚል ሰበብ እዚያ ውስጥ የለም። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ከጣቢያ እስከ ችሎት አራት ቀን የሚያስኬድ መንገድ አላውቅም፤ የመገናኛ ትራፊክ እንኳ እንደዚያ አይጨክንም። አንቀጽ 18 ጭካኔ የተሞላበትንና ሰብአዊ ክብርን የሚያዋርድ አያያዝን ይከለክላል። ይህን አንቀጽ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ሊያነሳው አይችልም፤ አንቀጽ 93 በግልጽ አስቀምጦታል። ይህን የምለው ባለቤትዎ የተያዘበት ወቅት አዋጅ ላይ ወድቆ ከሆነ የ48 ሰዓቱ ክርክር ሊለወጥ ስለሚችል ነው። የዱላው ግን በምንም ጊዜ አይለወጥም።

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 423 ሕግን ተላልፎ ሰው ያሰረ የመንግሥት ሠራተኛ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ሊቀጣ ይችላል። አንቀጽ 424 ደግሞ በምርመራ ላይ ያለን ሰው የሚደበድበውን፣ የሚያስፈራራውን ይቀጣል፤ ነገሩ ከባድ ሲሆን እስከ 10 ዓመት፣ ያዘዘውን ኃላፊ ደግሞ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2040 ያለ ሕጋዊ ሥልጣን የሰውን ነፃነት መንካት ለአጭር ጊዜም ቢሆን ጥፋት ነው ይላል። አንቀጽ 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ለሠራው ጥፋት ከመንግሥት ካሳ መጠየቅ እንደሚቻል ይደነግጋል። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ከማክሰኞ በኋላ ያሉት 10 ቀናት በፍርድ ቤት ትእዛዝ የተፈቀዱ ናቸው። ዳኛውን በዚህ መክሰስ አይታሰብም፤ ሕጉ ለዳኞች ከለላ ይሰጣል። የእናንተ ጥያቄ የሚያተኩረው ከሐሙስ ማታ እስከ ማክሰኞ ባለው እስርና በዱላው ላይ ነው።

ሕጉ ይኼው ነው። እንደምታዩት ከእናንተ ጋር ነው። ታዲያ ለምንድን ነው ብዙ ሰው የሚሸነፈው?

በቅርቡ አንድ ሰውዬ ፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዞ ቢሮዬ መጣ። ጉዳዩ ከእናንተ ጋር ይመሳሰላል። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ደረደረው። እያንዳንዱ ማመልከቻ ላይ ክብ ማኅተም አለ፣ የገቢ ቁጥር አለ፣ ቀን አለ። ለጣቢያው፣ ለመምሪያው፣ ለኮሚሽኑ፣ ለእንባ ጠባቂ፣ ከሥር «ግልባጭ» ተብሎ ለሌላ አራት ቢሮ። ሰውዬው ጎበዝ ነው፤ አንድም ወረቀት አልጣለም። የመጀመሪያው ወረቀትና የመጨረሻው ወረቀት መሐል ሁለት ዓመት ከአራት ወር አለ። ከዚያ ሁሉ ወረቀት ውስጥ ለፍርድ ቤት የቀረበ የክስ ማመልከቻ አንድም አልነበረም።

ደንበኞች ሁሌ የሚወድቁበት ጉድጓድ ይህ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 ከውል ውጪ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠይቅ ሰው ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ክሱን ያቅርብ ይላል። ጉዳቱ ከደረሰበት ነው። ኮሚሽኑ መልስ ከሰጠበት አይደለም፤ አጣሪው ሪፖርት ካቀረበበት አይደለም፤ ተስፋ ከቆረጣችሁበትም አይደለም። ይርጋው፣ ማለትም ይህ የመክሰሻ ጊዜ ገደብ፣ መቆጠር የጀመረው ባለቤትዎ ገና ማረፊያ ቤት እያለ ነው።

ሰዎች «አመልክተናል እኮ!» ይሉኛል። ማመልከት ሌላ፣ መክሰስ ሌላ። በሕጋችን የይርጋን ቆጠራ የሚያቋርጡት በመሠረቱ ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ባለዕዳው ራሱ ዕዳውን ሲያምን፣ ወይም ክስ ፍርድ ቤት ሲቀርብ። ለጣቢያ ኃላፊ የጻፉት አቤቱታ ክስ አይደለም። ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን (ኢሰመኮ) ያቀረቡት አቤቱታ ክስ አይደለም። ኢሰመኮ ትልቅ ሥራ ይሠራል፤ ማረፊያ ቤቶችን ያለ ማስጠንቀቂያ ይጎበኛል፣ ይመረምራል፣ ምክረ ሐሳብ ይሰጣል። ፍርድ ቤት ግን አይደለም። ለባለቤትዎ ይህን ያህል ብር ይከፈል ብሎ መፍረድ አይችልም፤ የእናንተን ይርጋም አያስቆምም። እንባ ጠባቂም እንዲሁ።

ለምን ሰው ይህን ያህል እንደሚቆይ አውቃለሁ። ቢሮዎቹ በሩን ፊትዎ ላይ አይዘጉም። «ይጠብቁ፣ እየታየ ነው፣ የሚቀጥለው ሳምንት ብቅ ይበሉ» ይላሉ። ዘመድም «ገና ሳይጣራ መንግሥትን ከሶ ነገር ማበላሸት ምን ይባላል» ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ጉዳዩ በእጃቸው እያለ ፍርድ ቤት መሄድ የተከለከለ ይመስለዋል። አልተከለከለም። አንድ እግር ኮሚሽን፣ አንድ እግር ፍርድ ቤት ማድረግ ይቻላል። እንዲያውም እንደዚያ ነው መደረግ ያለበት። በመጀመሪያው ወር ጠበቃ ጋ ቢሄዱ ኖሮ ይህን ዛሬ አልነግርዎትም ነበር። ወቀሳዬ ከዚህ አያልፍም።

የረገጧቸው ቢሮዎች ወረቀት ከንቱ ነው እያልኩ ግን አይደለም። አንዱንም አይጣሉ። በተለይ መልስ የጻፉላችሁን። ፖሊስ ራሱ ጥፋት መሠራቱን አምኖ የጻፈው አንዲት መስመር እንኳ ካለች ለክርክሩ ብዙ ነገር ልትለውጥ ትችላለች። በቃል ብቻ አመልክታችሁ ከሆነ ግን፣ ያለ ገቢ ቁጥር፣ እሱ እንዳልነበረ ይቆጠር።

አሁን ወደ መፍትሔው። ሁለቱ ዓመት አልፏል ብዬ ነው የማስበው፤ በሩ ግን ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። ያው አንቀጽ 2143 ሁለተኛ ንዑስ አለው። ጉዳቱ የደረሰው በወንጀል ከሆነና ወንጀሉ በወንጀል ሕጉ ረዘም ያለ ይርጋ ካለው፣ ለካሳውም የሚሠራው ያ ረጅሙ ይርጋ ነው። በአንቀጽ 423ም ሆነ በ424 የተቀመጡት ወንጀሎች ይርጋ ከሁለት ዓመት ይበልጣል። ስለዚህ ክሳችሁ በዚህ በር ሊገባ ይችላል።

እዚህ ላይ ግን የተከሳሽ ጠበቃ እጁን እያፋተገ ይጠብቃችኋል። ምክንያቱም አንቀጽ 2126 እና 2127 ጥፋትን ለሁለት ይከፍላሉ፦ የሥራ ጥፋትና የግል ጥፋት። ሠራተኛው በሥልጣኑ ክልል ውስጥና ለመንግሥት ጥቅም እየሠራ መሆኑን በቅን ልቦና አምኖ ካደረገው የሥራ ጥፋት ነው፤ መንግሥት ይጠየቃል። ከዚያ ውጪ ከሆነ የግል ጥፋት ነው፤ መንግሥት አይጠየቅም፣ ሠራተኛው ራሱ ነው የሚከፍለው። እናንተ ረጅሙን ይርጋ ለማግኘት «ወንጀል ነው» ስትሉ፣ «ወንጀል ከሆነማ የግል ጥፋት ነው፤ ፖሊሱን ራሱን ክሰሱ» ይሏችኋል። «ኧረ የሥራ ጥፋት ነው» ስትሉ፣ «እንግዲያው ሁለት ዓመቱ አልፏል» ይሏችኋል። ከሁለት ያጣ ጎመን ሊያደርጓችሁ ነው።

ክሱ ገና ሲጻፍ ይህ ታስቦበት ካልተጻፈ በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ይወድቃል። አንድም ምስክር ሳይሰማ። የእኔ አካሄድ ይህን ይመስላል፦ ተቋሙንም ግለሰቡንም አንድ ላይ መክሰስ። አንቀጽ 2127 ሠራተኛው ተቃራኒው እስካልተረጋገጠ ድረስ በቅን ልቦና እንደሠራ ይገመታል ይላል። ይህ ግምት የሚጠቅመው ፖሊሱን ብቻ አይደለም፤ መንግሥትን ለሚከስ ሰውም ይጠቅማል። መርማሪው የጠፋ ንብረት ለማግኘት፣ በሥራ ሰዓቱ፣ በጣቢያው ውስጥ፣ ለሥራው ብሎ ነው ያደረገው። መንገዱ ወንጀል ነው፤ ዓላማው ግን የመሥሪያ ቤቱ ነበር። ሁለቱ አብረው ሊቆሙ ይችላሉ ብዬ እከራከራለሁ። ከ48 ሰዓት በላይ ማቆየቱ ደግሞ የአንድ ሰው ሳይሆን የጣቢያው አሠራር ነው፤ እሱን ከዱላው ለይቶ መጻፍ ያስፈልጋል። ዳኛው ይህን ይቀበለዋል ብዬ ግን ዋስትና አልሰጥም። ስለዚህ ክሱን ራስዎ ወይም ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፍ ራፖር ጸሐፊ እንዳይጽፈው። በክርክር የተፈተነ ጠበቃ ይያዙ። ማንን ተከሳሽ ማድረግ እንዳለባችሁም እሱ ይወስን፤ ብዙ ሰው ጣቢያውን ከስሶ፣ ጣቢያው ራሱን ችሎ የሚከሰስ አካል አይደለም ተብሎ ተመልሷል።

ከክሱ ጎን ለጎን ለዐቃቤ ሕግ የወንጀል አቤቱታ በጽሑፍ ያስገቡ። ዐቃቤ ሕግ ካልከሰሰ ወይም ተከሳሹ በወንጀል ነፃ ከወጣ ሁሉ አለቀ ማለት አይደለም፤ የፍትሐ ብሔሩ ፍርድ ቤት በዚያ ነፃ መውጣት አይታሰርም። የወንጀል ምርመራ መጀመሩ ግን ይርጋውን በተመለከተ ለምታነሱት ክርክር ጉልበት ይሰጣል።

አሁን ወዳልነገሩኝ ነገሮች ልለፍ። አይቀየሙኝ።

«ከእሑድ በኋላ ግን አልነኩትም» ብለዋል። እዚህች ላይ ቆምኩ። በምርመራ ላይ ዱላ እንዲሁ አይሰለችም። ብዙውን ጊዜ የሚቆመው የተፈለገው ነገር ሲገኝ ነው። እሑድ ዕለት ባለቤትዎ ምን ብሎ ፈረመ? ምናልባት ለእርስዎም አልነገረዎትም ይሆናል። ሰው አፍሮ ይደብቀዋል፤ በተለይ የባልደረባውን ስም አንስቶ ከሆነ። አይቆጡት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ማንም ሰው በራሱ ላይ ማስረጃ ሊሆን የሚችል ቃል እንዲሰጥ አይገደድም፤ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት የለውም። ግን ያ ቃል አሁንም ምርመራ መዝገቡ ውስጥ ተቀምጧል። ካሳ ስትጠይቁ «አምኗል እኮ፣ መያዙ አግባብ ነበር» ተብሎ ይወጣል። ጠበቃችሁ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ችሎት ላይ ከሰማ ምን ያድርግ? ቀድሞ ካወቀ ግን የተፈረመበት ቀንና ዱላው የቆመበት ቀን አንድ መሆኑ ራሱ የእናንተ ማስረጃ ይሆናል።

«ሲወጣ የሆነ ወረቀት አስፈርመውታል» የሚለውም አለ። የሆነ ወረቀት የሚባል ነገር የለም እኅቴ። ምን የሚል ነው? የዋስትና ግዴታ ብቻ ከሆነ ችግር የለውም። «ንብረቴን ተረክቤአለሁ» የሚል ከሆነ የስልኩ ጥያቄ አደጋ ላይ ነው። «ጉዳት አልደረሰብኝም» የሚል ከሆነ የራሱ ቃል ነው፤ በሕክምና ማስረጃና በምስክር ሊስተባበል ይችላል። «ካሳ አልጠይቅም» የሚል ስምምነት ከሆነ ግን ነገሩ ከበድ ይላል። በግዳጅ የተፈረመ ውል ይፈርሳል፤ እሱንም ለማፍረስ ሕጉ የሚሰጠው ጊዜ ግዳጁ ከቀረ በኋላ ሁለት ዓመት ነው። አየሽ፣ ይቅርታ፣ አዩ፣ ሁሉም ነገር ተመልሶ ቀኑ ላይ ይመጣል። ለመውጣት የሚቸኩል ሰው የሰጡትን ይፈርማል፤ ማንም ያደርገዋል። ግን ምን እንደፈረመ ያስታውሰው፤ ባይሆን የት ጠረጴዛ ላይ፣ ማን እንዳስፈረመው፣ ስንት ገጽ እንደነበር።

«በብዙ ድካም በመታወቂያ ዋስ ወጣ» ሲሉስ? ድካሙ ገንዘብ ያለበት ከሆነ እዚህ አይጻፉልኝ። ለጠበቃዎ በአካል ይንገሩት፤ እሱ ሚስጥር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ጉቦ መስጠት ራሱ ወንጀል መሆኑን አይርሱ፤ ሌላው ወገን ይህን ቢያነሳው ምን እንደምትሉ ቀድሞ መታሰብ አለበት።

ሌላው፣ መዝገቡ ተዘግቷል ወይ? በመታወቂያ ዋስ መውጣት መዝገብ መዘጋት አይደለም። ብዙ ሰው ያምታታዋል። ሁለት ዓመት ተኝቶ የቆየ መዝገብ ካሳ ሲጠየቅበት ድንገት ሊነቃ ይችላል። ይህ ክሱን ለመተው ምክንያት አይሆንም። ግን ሳያውቁ አይግቡበት። ጠበቃችሁ ዐቃቤ ሕግ ጋ ሄዶ መዝገቡ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ በጽሑፍ ይጠይቅ።

ከሁሉም በላይ የገረመኝ የባለቤትዎ ድምፅ ደብዳቤው ውስጥ አለመኖሩ ነው። የተደበደበው እሱ ነው፤ የሚከሰውም እሱ ነው። እርስዎ ያለ ውክልና በስሙ ክስ ማቅረብ አይችሉም። እሱ ይፈልጋል? ወይስ «ተዉኝ፣ አልፏል» እያለ ነው እርስዎ የሚሮጡት? ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፦ ሚስት ትሮጣለች፣ እናት ትሮጣለች፣ ባለጉዳዩ ግን ያንን ጣቢያ በመንገድ ማለፍ እንኳ አይፈልግም። ችሎት ቀርቦ «እንዴት መቱህ?» ሲባል የሚመልሰው እሱ ነው። አልችልም ካለ መብቱ ነው። እሺ ካለ ግን ዛሬ ነው መወሰን ያለበት።

ከወሰነ የሚሰበሰበው ይህ ነው። መጀመሪያ የጊዜ ቀጠሮ መዝገቡ፣ ማለትም ፖሊስ 10 ቀኑን የጠየቀበት። ማክሰኞ የቀረበበት ችሎት መዝገብ ቤት ሄዳችሁ የትእዛዙንና የፖሊስን ማመልከቻ ግልባጭ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የመርማሪው ስምና ማዕረግ እዚያ ላይ አለ። የተያዘበት ቀንም አለ፤ አንዳንዴ ታዲያ ሐሙስ የተያዘው ሰው «እሑድ ተይዞ» ተብሎ ይጻፋል። ያኔ የሚያስፈልገው የእርስዎ ምስክርነት ነው። ዓርብ ጠዋት ምሳ ዕቃ ይዘው ሄደው ነበር? በር ላይ ማን ተቀበለዎት? መዝገብ ላይ ፈርመው ነበር? ከእርስዎ ጋር የተሰለፉ ሌሎች የታሳሪ ቤተሰቦች ነበሩ? ሁለቱ ባልደረቦቹስ ዛሬ የት ናቸው? እነሱም ከተደበደቡ ከሳሽ ናቸው፤ ካልተደበደቡም ምስክር ናቸው። ችሎት ላይ «ተደብድቤአለሁ» ብሎ ተናግሮ ከሆነና ዳኛው አስመዝግቦት ከሆነ እሱ ትልቅ ነገር ነው። ካልተናገረም አያስገርምም፤ ደብዳቢው አጠገቡ ቆሞ ነበርና።

ሕክምና ሄዶ ነበር ወይ? መቼ? ካርዱን ያውጡና በጥንቃቄ ያንብቡት። የተደበደበ ሰው ፈርቶ ለሐኪሙ «ወደቅኩ» ይላል። ካርዱ ላይ «ከደረጃ ወድቆ» ተብሎ ተጽፎ ከሆነ አይሸሽጉት፤ ለጠበቃው ያሳዩትና ምክንያቱ ይብራራ። ጣቲቱን በተመለከተ አሁንም አልረፈደም። የመንግሥት ሆስፒታል ሄዶ ይታይ፤ ቋሚ ጉዳት ካለ በሕክምና ቦርድ መጠኑ ይገለጽ።

ካሳው ላይ ደረስን። ቅር ሊልዎት ይችላል። በእኛ ሕግ ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ጣሪያ አለው፦ 1,000 ብር። አልተሳሳትኩም፣ አንድ ሺህ። ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ ደህና ገንዘብ ነበር። ዛሬ የበዓል ዶሮ እንኳ በቅጡ አይገዛም። የሌሊቱ ስቃይ፣ ውርደቱ፣ የልጁ ጭንቀት፣ ይህ ሁሉ በአንድ ሺህ ብር ይጠቃለላል። ያናድዳል፤ እኔንም ያናድደኛል፤ ግን እስኪሻሻል ሕግ ነው። ስለዚህ የካሳው ክብደት ያለው በቁስ ጉዳቱ ላይ ነው፦ ያጣው ደመወዝ፣ የሕክምና ወጪ፣ ጣቱ ወደፊት በሥራው ላይ የሚያመጣው ጉዳት። ይህ ጣሪያ የለውም፤ ግን በወረቀት ይረጋገጣል። የቅጥር ውል፣ የደመወዝ ማስረጃ፣ የስንብት ደብዳቤ ያስፈልጋል። የስንብት ደብዳቤው «በመታሰሩ ምክንያት» የሚል ከሆነ በጣም ጥሩ። በአሠሪው ላይ የሚነሳ ጥያቄም ሊኖር ይችል ነበር፤ የሥራ ክርክር ይርጋ ግን ከዚህም ያጥራል፤ ብዙ ተስፋ አልሰጥዎትም። ፍርድ ቤት በር ላይ «ሚሊዮን አስከፍላለሁ» የሚል ሰው ካገኘዎት ይሽሹ።

የዳኝነት ክፍያው የሚሰላው በጠየቃችሁት ገንዘብ ልክ ነው። አቅም ከሌላችሁ በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይቻላል፤ ከቀበሌ ወይም ከወረዳ ማስረጃ ይዛችሁ። የጠበቃ ክፍያ ከከበዳችሁ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡባቸው ማዕከላት አሉ፤ ጠይቁ። ብቻ በዚህ ወር ይሁን። ይርጋው ረጅሙ ነው ብለን ብንከራከርም በእያንዳንዱ ቀን መዘግየት ምስክር ይጠፋል፣ መርማሪ ይዛወራል፣ መዝገብ ይጠፋል።

ይህ መልስ በደብዳቤዎ ላይ ብቻ ተመሥርቶ የተሰጠ ነው። ሰነድ አላየሁም። አንድ ቀን ወይም አንዲት የተፈረመች ወረቀት ምክሬን ሊገለብጠው ይችላል። ስለዚህ ሰነዱን ሰብስባችሁ ጠበቃ ፊት ቁጭ በሉ፤ ባለቤትዎም አብሮ ይሂድ።

ስልኩን ለብቻው አየዋለሁ። የኤግዚቢት፣ ማለትም በማስረጃነት የተያዘ ዕቃ፣ ጉዳይ ስለሆነ መዝገቡ ከተዘጋ ይመለስልኝ ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል፤ ሲያዝ የተሰጠው ደረሰኝ ካለ ያቅርቡ። ከሌለ የስልኩን ካርቶን ይፈልጉ፤ መለያ ቁጥሩ ጎኑ ላይ አለ።